«የአስናቀ» የተባለው መድኃኒት

አንድ ሰው ነበረ፤ ኩራተኛ ሰው። ሥራው የሆስፒታል ባክቴሪያ ማጥናት ነው። ረድኤት፣ የአንቺም ሥራ ይኸው ስለሆነ ነገሩ አይጠፋሽም፤ ግን እንደ ተማሪዬ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ እንጂ እንደ ዶክተር አታቋርጪኝ። «ጋሽዬ፣ አምና በጉባኤ ፊት «ይሠራል» ያልኩትን መድኃኒት የዘንድሮው ምርመራ እየካደብኝ ነው፤ እስኪስማማልኝ ልደጋግመው ወይስ ወጥቼ ልዋረድ?» ብለሽኛል። መልሴ ይህ ነው።

ሰውየው አስናቀ ይባላል። በሚሠራበት ሆስፒታል አንድ ክፉ ባክቴሪያ ገብቶ ሐኪሞቹን መላ አሳጥቷቸው ነበር። ቀዶ ሕክምናው ያማረለት በሽተኛ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ትኩሳቱ ይነሣል፣ የሚሰጡት መድኃኒት ሁሉ ውኃ ይሆናል። አስናቀ ከየበሽተኛው ናሙና እየወሰደ ጀርሙን በሳህን ላይ አበቀለ። በላዩ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ያስቀምጣል። መድኃኒቱ ጀርሙን የሚገድል ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም የማይበቅልበት ባዶ ቀለበት ይታያል፤ የማይገድል ከሆነ ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ይተኛበታል። ብዙ ደከመ፣ ብዙ መድኃኒት ወደቀበት። በመጨረሻ አንዱ ሰፊ ቀለበት ሠራለት።

ያን መድኃኒት መስጠት ሲጀምሩ በሽተኞች ከአልጋ ተነሡ። ሐኪሞቹም ረጅሙን የፈረንጅ ስሙን ትተው «የአስናቀ» ይሉት ጀመር። «ለስድስት ቁጥር የአስናቀን ስቀሉላት» ሲባል ሰውየው በኮሪደሩ እያለፈ ከሰማ፣ የሆነ ነገር የረሳ መስሎ ይቆምና ደግመው እንዲሉት ይጠብቃል። ምን ይደረግ፣ ደስ ይላላ! እኔም ብሆን እቆም ነበር።

መድኃኒቱ ለከባዱ ሕመም የተያዘ ነበር። ስሙ ሲገን ግን ለጉንፋኑም፣ ጣቱን ቢላ ለቆረጠውም፣ «ለማንኛውም ይውሰድ» እየተባለ በክኒንም ይታደል ጀመር። የታመመ ሁሉ እሱን ካልሰጣችሁኝ ይላል፤ ትንሽ ሻል ሲለው ደግሞ መሐል ላይ ያቋርጠዋል። አስናቀ ይህን ሁሉ ያያል። መድኃኒት አላግባብ ሲሰጥ ደካማው ጀርም እንደሚሞት፣ የተረፈው ብርቱው ደግሞ እንደሚራባ ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ልቡ ቅቤ እየጠጣ ዝም አለ።

አንድ ቀን በኦፕራሲዮን የወለደች ወጣት ሴት ቁስሏ አመረቀዘ። ናሙናው ወደ አስናቀ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ «የአስናቀ» ተሰቀለላት። እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ገና ስም ያልወጣላትን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠዋል። ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ «የአስናቀ ገብቶላታል፣ ከእንግዲህ አልሰጋም» ይላሉ። አራሷ ግን ከትናንት ዛሬ ባሰባት።

በዚያው ጠዋት ከሌሎች ሆስፒታሎች የተላኩ ሐኪሞች የአስናቀን ሥራ ሊያዩ መጥተው ነበር። አስናቀ ከረባቱን አስሮ፣ ወደ እንግዶቹ ከመሄዱ በፊት የአራሷን ሳህን አንሥቶ አየ። ቀለበት የለም። ጀርሙ የእሱን መድኃኒት ወረቀት ከቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንሰራፍቷል።

«ወረቀቱ አርጅቶ ይሆናል» አለ። «ልድገመው።» ቢደግመው ግን ጀርሙ እስኪበቅል አንድ ቀን ይፈጃል፤ ያቺ አራስ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የላትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እጁ አዲስ ሳህን ይዟል። ከዚያ ሁልጊዜ ለማመሳከሪያ ከጎን የሚያስቀምጠውን፣ መድኃኒቱ እንደሚገድለው የታወቀ ጀርም ያለበትን ሳህን ተመለከተ። እዚያ ላይ ያው ወረቀት ሰፊ ቀለበት ሠርቷል። ወረቀቱ ደህና ነው ማለት ነው። ወደ አራሷ ሳህን ሲመለስ ጥጉ ላይ ሌላ ነገር አየ፤ ኩላሊት ያስቸግራል ተብሎ የተተወ አንድ አሮጌ መድኃኒት ጥርት ያለ ቀለበት አውጥቷል። አስናቀ አዲሱን ሳህን አስቀመጠና ወጣ።

ሲደርስ እንግዶቹ የአራሷን አልጋ ከበው ቆመዋል፤ ዋናው ሐኪም የተሰቀለውን ከረጢት እያሳዩ ያብራራሉ። «መጣ! ይኸውላችሁ ባለቤቱ!» አሉ።

«ይነቀል» አለ አስናቀ።

«ምኑ?»

«የአስናቀ። ለዚህች ልጅ አይሠራም። ጀርሙ ለምዶታል፤ ያስለመድነው እኛው ነን፣ እኔም ጭምር። አሮጌውን ስጧት፤ ኩላሊቷን ግን በየቀኑ እየመረመራችሁ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ሕፃኗን እንደታቀፉ ብድግ አሉ። «ምን ማለትህ ነው? እሱን ብዬ አይደል ተስፋ ያደረግሁት! ለመሆኑ ማነህ አንተ፣ የአስናቀን የምታስነቅለው?»

«አስናቀ ነኝ፣ እማማ።»

ሴትየዋ ሕፃኗን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ቁጭ አሉ። ዋናው ሐኪም «እስቲ ነገ ደግመን ሠርተነው...» ብለው ሊያለዝቡት ሞከሩ። «እሷ ነገን አትጠብቅም» አላቸው። እሳቸውም ፊቱን አዩት፤ ወደ ነርሷ ዞረው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከረጢቱ ወርዶ አሮጌው መድኃኒት ተሰቀለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠው ሳይመኝ አልቀረም ብለሽ ይሆናል። የለም! አስናቀ ከዚያ ክፍል የወጣው ደረቱን ነፍቶ ነው። በጉባኤ ሲጨበጨብለት እንኳ እንደዚያ ቀን አልኮራም። መድኃኒቱን ሲያገኝ ዕድልም ረድቶታል፤ በዚያ ጠዋት ግን ማንም አልረዳው። ሰው በስሙ እንዳይሞት የገዛ ስሙን በገዛ አፉ አስነቀለ። እንዲህ ላለው ሰው እኔ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

የአራሷ ትኩሳት ቀስ በቀስ በረደ፤ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። እንግዶቹም ወደየመጡበት ሲመለሱ ይዘውት የሄዱት የመድኃኒት ስም ሳይሆን፣ ከመስጠት በፊት ሳህኑን መጠየቅን ነው። በዚያም ሆስፒታል ከዚያ ወዲያ ያ መድኃኒት ላቦራቶሪው ሳይጠየቅ ለማንም አልታደለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። አምና በጉባኤው የተናገርሽው ቃል በማታውቂው ክፍል፣ በማታውቂያት ሴት ክንድ ላይ ዛሬም ይንጠባጠባል። አምነውሽ ነዋ የሰቀሉት! አምና ያልሽው አምና እውነት ነበር፤ ጀርም ነውና ተለወጠ፣ አንቺን ሊያዋርድ ብሎ አይደለም። ማመሳከሪያሽ ልክ ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ የምትደጋግሚው ለስምሽ ብለሽ ነው፤ አንቺ ስምሽን ስታስታምሚ እሷ ትሞትብሻለች። ወጥተሽ ራስሽ «ይነቀል» በዪ። እኔም በዘንድሮው ጉባኤ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ታዲያ አንገትሽን ደፍተሽ ስትናገሪ ባይሽ፣ ያ ሁሉ ፕሮፌሰር ባለበት ነው ተነሥቼ የምቆጣሽ!