ጅቡ የበላው የተቀበረ ልብ

አንድ ጊዜ አንድ ጅብ ወር ሙሉ ቀይ ስርና ጎመን በላ። ሳቃችሁ አይደል? ከደፈራችሁ እመኑኝ!

ይሄ አያ ጅቦ የአንበሳ መልእክተኛ ነበር። ሥራው ተራራው ጫፍ ወጥቶ መጮህ ነው፤ ለዚህም ወንዝ ዳር ያለ ምርጥ ዋሻ ተሰጥቶታል። ግን ጮማ በጮማ ላይ ሲደርብ፣ ሲደርብ፣ የዳገቱ ግማሽ ላይ ቁጭ ብሎ ማለክለክ ጀመረ።

አንበሳ ጠራውና «ስማ፣ አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ። ከዚያ በኋላ ተራራው ጫፍ ላይ ቀድሞህ የወጣ ካለ ሥራውንም ዋሻውንም ይወስዳል» አለው።

ቀበሮ ይሄን ሰማች። ዋሻው ላይ ዓይኗን ከጣለች ቆይታለች። እየሮጠች ወደ ጅቡ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ምነው እንዲህ ሆንክ?»

«ትንሽ ስራመድ ልቤ ከበሮ ይመታል እሜቴ! ምን ይሻለኛል?»

«ልቡ የደከመ ልብ ነው መብላት ያለበት። መሬት ውስጥ የተቀበረ ልብ አውቃለሁ።»

ከአህያ ጓሮ ቀይ ስር ነቅላ አመጣችለት። ሲነክሰው ቀይ ውሃ በአገጩ ወረደ።

«ኧረ ደም አለው!»

«ታዲያ! ልብ አይደል? ግን ከጮማ ጋር አይሠራም። ጮማህን በየቀኑ ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ እጥልልሃለሁ።»

ጣለችው፣ አዎ። ሆዷ ውስጥ።

በነጋታው ጅቡ እየጮኸ መጣ። «እሜቴ፣ ሞቻለሁ! ሽንቴ ቀይ ሆነ!»

ቀበሮ ሳቋን በጅራቷ አፈነች። «እሱማ አሮጌው ደምህ እየወጣ ነው። ጨምር!»

ሆዳም አይደል? ጨመረ። አህያ ጓሮ ገብቶ ቀይ ስሩን ጨርሶ ጎመኑን ቀጠለ። ነጭ ሽንኩርቱንማ የልቡ ጥርስ መስሎት ቆረጣጠመው። አህያም ከሩቅ ቆማ «ብላ ወንድሜ፣ እኔን ከምትበላ ይሄን ብላ!» ትለዋለች።

ወሩ ሞላ። አንበሳ «ሂዱ!» ሲል ጅብና ቀበሮ ዳገቱን ተያያዙት። ቀበሮ ገና ሾላው ዛፍ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። የወር ጮማ ቀልድ መሰላችሁ? ምላሷ ተንጠልጥሎ፣ ልቧ ድው ድው እያለ፣

«አያ ጅቦ... ቆ... ቆይ ጠብቀኝ!» አለችው።

እሱ ግን ሽው ብሎ ጫፍ ደርሷል። ሸለቆው እስኪናወጥ ጮኸ። ዋሻው የሱ ሆኖ ቀረ።

ሲወርድ ቀበሮን እዚያው ሾላው ሥር ተዘርግታ አገኛት። አንጀቱን በላችው።

«እሜቴ፣ ልክ የድሮውን እኔን መስለሻል። አይዞሽ፣ የተቀበረ ልብ የት እንዳለ አሳይሻለሁ። ጮማሽን ብቻ ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ እጥልልሻለሁ።»

ከዚህ የምንማረው ልባችን ዳገት እንዲወጣልን ከፈለግን ጮማውን ቀንሰን የጓሮውን ማብዛት እንዳለብን፣ የሌላውን ምግብ በተንኮል ስንወስድም ሕመሙን አብረን እንደምንወስድ ነው።

በሉ አሁን ጮማ ለሚወድ አጎታችሁ ሄዳችሁ አውሩለት። ለጅቡ ግን ቀይ ስር መሆኑን እንዳትነግሩብኝ፤ እስከ ዛሬ ልብ ይመስለዋል።