ሁሉም የተስማሙበት መጠይቅ

አንዲት የማኔጅመንት መምህር ነበረች፤ ስሟ ምንትዋብ ይባላል። በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ አሥራ ሁለት ዓመት አስተምራለች። ከዚያ ውስጥ የመጨረሻውን ስድስት ዓመት ራሷም ተማሪ ሆና ዶክትሬቷን ስትማር ነው የኖረችው። የጥናት ፈቃዷ ሊያልቅ የቀረው አራት ወር ብቻ ነበር። በአራቱ ወር ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፏን ካላቀረበች የስድስት ዓመት ልፋቷ መና ይቀራል።

የምታጠናው አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ አይበረክትለትም። የሠለጠነው ሁሉ እጁ ሲፈታ ጥሎት ይሄዳል። አለቆቹ መላ ሲፈልጉ ቆይተው በየዓርቡ የምክክር ሰዓት ጀመሩ፤ ሠራተኛው ይናገራል፣ እነሱ ይሰማሉ። ምንትዋብም ከመጻሕፍት ያገኘችው ንድፈ ሐሳብ ነበራት፦ አለቃው የሚሰማው ሠራተኛ ሥራውን አይለቅም የሚል። ያማረ ሐሳብ ነው። እሷም ወድዳው ነበር፤ ጣጣውም የጀመረው ከዚያ ነው።

መጠይቅ አዘጋጀችና ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላው ቀመር ባዘዛት መሠረት ለሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሠራተኞች ልታድል ሄደች። በምሳ ሰዓት ፊታቸው ቆማ፣ «ስድስት ዓመት የለፋሁበት ትምህርት ነው፤ እባካችሁ ተባበሩኝ» አለቻቸው። መጠይቅ በትኖ የሚያውቅ ሰው ጣሩን ያውቀዋል። ሩቡ ይጠፋል፣ ሩቡ ባዶውን ይመለሳል፣ ለቀረው ደጅ ይጠናል። የእሷ ግን አንድ ሳይጎድል ተሞልቶ መጣ። ኮምፒዩተር ውስጥ ብታስገባው ያሰበችው ሁሉ ልክ ሆኖ ወጣ። ምክክሩ ሠርቷል፤ ሠራተኛው ደስ ብሎታል፤ ልልቀቅ የሚል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ባልደረባዋ ውጤቱን አይቶ፣ «እንዲህ የጠራ ዳታ አይቼ አላውቅም፤ ዕድለኛ ነሽ» አላት።

ጽሑፏን ጨርሳ፣ ፈታኞች ፊት ቀርባ ለምትከላከልበት ቀን አንድ ወር ሲቀራት፣ ሠራተኞቹን ላመስግን ብላ ትልቅ ድፎ ዳቦ አስጋግራ ወደ ፋብሪካው ሄደች። መጀመሪያ ያገኘቻት እትዬ ዘርትሁንን ነው። እትዬ ዘርትሁን ኮሌታ የምትሰፋ፣ በዕድሜም በአገልግሎትም ከሁሉ የምትበልጥ ሴት ናት።

«እህሳ ልጄ፣ አለፍሽ?» አለቻት ገና ስታያት።

«ገና ነኝ እትዬ፤ ወር ቀርቶኛል። የማልፈው ግን በእናንተ ነው።»

«እሰይ። እኛማ ተመካክረንበት ነበር። ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ለፍታ በእኛ ምክንያት እንዳትወድቅ ተባብለን። ምን እንደምትፈልጊ ከጥያቄሽ ያስታውቃል፤ ጥሩ ጥሩውን ሞላንልሽ።»

ምንትዋብ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አለቆቹ ናቸው እንደዚህ ሙሉ ያሏችሁ?»

«ኧረ ማንም አላለንም። አሳዝነሽን ነው።»

«እሺ፣ 'ሥራዬን ለመልቀቅ አስባለሁ' የሚለው ላይ እርስዎ ምን ብለው ሞሉ?»

«በጣም አልስማማም ነዋ» አለች እትዬ ዘርትሁን ፈገግ ብላ። «ያኔም ልወጣ ቆርጬ ነበር፤ የመልቀቂያ ማመልከቻዬን ካስገባሁ እኮ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። ክፋት የለበትም፤ ተንኮል የለበትም። ሰው ፈተና ላይ ሲቀመጥ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ እንደሚጨነቅለት እነሱም ተጨነቁላት። የምትፈልገውን ሰጧት፤ የምትፈልገው ደግሞ ገደል ሊከታት ነበር።

ምንትዋብ ሦስት ቀን ከቤቷ አልወጣችም። ባልደረባዋ ሊጠይቃት ሄዶ ነገሩን ስትነግረው፣ «ታዲያ ይህን ማን ያውቃል? መጠይቅ የሚሞላ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ይልቅ አስገቢና ተገላገይ» አላት። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን የእሱን ምክር ተቀብዬ አስገባው ነበር። እሷን የማደንቃትም እኔ የማላደርገውን ስላደረገች ነው።

በአራተኛው ቀን አማካሪዋ ቢሮ ገባች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ወልደሐና ናቸው፤ ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎችን ለቁም ነገር ያበቁ፣ ወሬ የማያበዙ ሽማግሌ። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ይህን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?» አሏት።

«ከሠራተኞቹና ከአንድ ባልደረባዬ በቀር ማንም።»

«ሠራተኞቹ መቼም መጥተው አይከሱሽም። ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ፋብሪካው ጥናቴን እየጠበቀ ነው፣ ፕሮፌሰር። ምክክሩ ሠርቷል ብዬ ካስረከብኩ ከእንግዲህ እነዚያን ሰዎች ምን ጎደላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እኔ ደግሞ በዚያ ማዕረግ የምርምር ዘዴ ላስተምር ክፍል እገባለሁ። ምን ብዬ ነው የማስተምረው?»

ፕሮፌሰሩ የቀን መቁጠሪያውን ተመለከቱ። «ሁሉን እንደ አዲስ ልትጀምሪ ነው። የፈቃድ ማራዘሚያ ማግኘትሽንም እርግጠኛ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ማመልከቻውን አብረን እንጻፈው» አሉና ወረቀት ሳቡ።

ማራዘሚያው ለስድስት ወር ብቻ ተፈቀደላት፤ ያውም ሙሉ የማስተማር ሥራዋን እየሠራች። ምንትዋብ ተመልሳ ፋብሪካ ሄደች፤ በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ ፊት ቆመች። «ባለፈው ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ተባበሩኝ ብዬ ጭንቀቴን ጫንኩባችሁ» አለቻቸው። «ፋብሪካው መጥፎ ነው ስላላችሁ አልወድቅም። የምወድቀው በልባችሁ የሌለውን ከነገራችሁኝ ነው። ካዘናችሁልኝ እውነቱን ስጡኝ።»

ከዚያ በኋላ መጠይቅ አልበተነችም። በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደች ከማሽኑ አጠገብ በርጩማ ይዛ ተቀመጠች፤ እነሱ ሲሰፉ እሷ ትርፍ ክር ትቆርጥላቸዋለች። በመጀመሪያው ወር ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ልጆች ትምህርት ብቻ አወሯት። በሁለተኛው ወር ነው አንዷ ሠራተኛ ዓይኗን ከስፌቷ ሳትነቅል የጀመረችው።

«በየዓርቡ ይሰሙናል። መስማቱንስ ይሰማሉ፤ ይጽፉታልም። የመጸዳጃ ቤቱ በር ይሠራልን ካልን ግን ዓመት ሊሆነን ነው። ድሮ ችግራችንን ስለማያውቁ ነው እንልና እንታገሥ ነበር። አሁን እንደሚያውቁት እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ምን ብለን እንቆይ?»

ምንትዋብ ሃያ ሰባት ሰዎችን እንዲህ አናገረች። ብዙዎቹ በየራሳቸው አነጋገር ይህንኑ አሏት። የወደደችው ንድፈ ሐሳብ እጇ ላይ ፈረሰ። ሰምቶ መልስ የማይሰጥ አለቃ ጭራሽ ከማይሰማው ይልቅ ሰውን ቶሎ ያስመርራል። ይህንን ካነበበቻቸው መጻሕፍት ውስጥ አንዱም አልነገራትም ነበር።

የመከላከያው ቀን ደረሰ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ሽመክት ተማሪ በማንቀጥቀጥ የታወቁ ናቸው። ጽሑፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ጠየቋት።

«መላምትዎ ወድቋል። ከሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሰው ወደ ሃያ ሰባት ወርደዋል። ይህ አልበቃ ብሎ የተበላሸውን መጠይቅ ታሪክ በምዕራፍ ሦስት ዘርዝረው አስገብተውታል። ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች ምንትዋብ። «ግን ከእኔ በኋላ የሚመጣው ተማሪም ሰው ፊት ቆሞ ተባበሩኝ ማለቱ አይቀርም፤ እነሱም ይተባበሩታል። እኔ የት ጋ እንደተሰናከልኩ ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።»

ዶክተር ሽመክት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «በየሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎቼ ስለ እኔ የግምገማ ቅጽ ይሞላሉ። ሁልጊዜ በጣም ጥሩ ነው የሚሉኝ። አንድም ቀን ጠርጥሬው አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ ግን እነዚያ ልጆች ምን ሊሉኝ ፈልገው እንደተዉት እያሰብኩ ነው። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ምንትዋብ አለፈች።

ወዳጆቼ፣ ጠላት የነገረንን እናጣራለን፤ ማጣራቱን የምንረሳው የሚወደን ሰው ደስ እንዲለን ብሎ የነገረንን ነው። የምርምርም የአመራርም ትልቁ ሙያ ጥያቄ ማብዛት አይደለም፤ የምንጠይቀው ሰው ለእኛ ሳይሳቀቅ እንዲመልስልን ማድረግ ነው። ምንትዋብ ይህን የተማረችው የለፋችበትን ሥራ በገዛ እጇ ጥላ ነው፤ ማዕረጉ የሚገባትም ለዚህ ይመስለኛል።

እናንተስ? ቤታችሁም ሆነ መሥሪያ ቤታችሁ ያለ ሰው እውነቱን ቢነግራችሁ እንደማትወድቁ በአፋችሁ ነግራችሁት ታውቃላችሁ?