አባወራው ካልመጣ

«ፍርድ ቤት ስትሄጂ ምሳሽን ቋጥረሽ ሂጂ፤ እዚያ ቤት ‹ዛሬ› የሚባል ቀን የለም» ብሎኝ ነበር አባቴ፣ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ። እሱ በድንበር ክርክር ሲመላለስ ያረጀ ሰው ነው። ያኔ ሳቅኩበት።

አንዱ አንዱን እየጎተተ የሚሄድ ነገር ልንገራችሁ። የፈለግኩት ልጄን ነው፤ ሌላ ምንም። ረድኤት ትባላለች፣ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሽመክት ከእኔ ተጣልቶ ሲወጣ ይዟት እናቱ ቤት ገባ። «ልያት» ብል በሩ አልተከፈተልኝም። ጠበቃ የለኝም። ነጠላዬን አጣፍቼ ፍርድ ቤት ሄድኩና ዳኛዋን ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው።

«ክብርት ዳኛ፣ ልጄን ያስመልሱልኝ።»

«መዝገብ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ያለ መዝገብ አልሰማም።»

መዝገብ ቤት ሄድኩ። «ዳኛዋ ያለ መዝገብ አልሰማም አሉ፤ መዝገብ ክፈቱልኝ» አልኩ። ሠራተኛው ቀና እንኳ አላለም። «ያለ ማመልከቻ አልከፍትም። ውጪ ጋሼ መንገሻ ይጽፉልሻል።»

ጋሼ መንገሻ አጥሩ ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። «ዳኛዋ ያለ መዝገብ አልሰማም አሉ፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ማመልከቻ አልከፍትም አለ፤ ይጻፉልኝ» አልኳቸው። መታወቂያዬን ተቀብለው ገልበጥ አደረጉና መለሱልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል። ብጽፍልሽም ይመልሱብሻል። ያለ መታወቂያ አልጽፍም።»

ቀበሌ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ፣ «ዳኛዋ ያለ መዝገብ አልሰማም አሉ፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ማመልከቻ አልከፍትም አለ፤ ጋሼ መንገሻ ያለ መታወቂያ አልጽፍም አሉ፤ መታወቂያዬን አድሱልኝ» አልኩ።

«እህቴ፣ ቤቱ የተመዘገበው በአባወራው ስም ነው። አባወራው መጥቶ ካልፈረመ አላድስም» አለች ጸሐፊዋ።

«የምከሰው እኮ አባወራውን ነው!»

«እሱን ለዳኛ ንገሪ። እኔ ዳኛ ነኝ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ። ሰው ሲደክመውም ይስቃል።

አማቴ ደጅ ቆሜ ሽመክትን አስጠራሁት። በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማኝ። «ዳኛዋ ያለ መዝገብ አልሰማም አሉ፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ማመልከቻ አልከፍትም አለ፤ ጋሼ መንገሻ ያለ መታወቂያ አልጽፍም አሉ፤ ቀበሌው ያለ አባወራ አላድስም አለ፤ እባክህ ናና ፈርምልኝ።»

«ጨረስሽ? እኔ ሴት በጠራችኝ ቁጥር አልነሳም። ሕግ ይጥራኝና እመጣለሁ።»

ከውስጥ ረድኤት ስትስል ሰማሁ። በሩ ተዘጋ።

መንገዱን ሁሉ ለራሴ ስቆጥር ሄድኩ፦ አባወራው ያለ ሕግ አልመጣም፤ ቀበሌው ያለ አባወራ አላድስም፤ ጋሼ መንገሻ ያለ መታወቂያ አልጽፍም፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ማመልከቻ አልከፍትም፤ ዳኛዋ ያለ መዝገብ አልሰማም። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ማክሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ሽመክት ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ አጠገቤ አለፈ። ጮክ ብዬ የምናገር ሰው አይደለሁም። ግን መረረኝ።

«ሽመክት! በሕግ አምላክ ቁም!»

ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን አስቀመጠች። ሽመክት ሊያልፍ ሲል አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ዱላቸውን ከፊቱ ጋረጡ።

«አንተ! በሕግ አምላክ እየተባልክ ወዴት ነው?»

«አባባ፣ የቤት ጉዳይ ነው…»

«የምን ቤት! ቁም ተብለሃል፣ ቁም!»

«ሕግ ይጥራኝ ብለህ ነበር» አልኩት። «ይኸው፣ ጠራሁህ። ቀበሌ እንሂድ።»

«በይ ምሪው፤ እኔ ከኋላ ነኝ» አሉኝ ሽማግሌው። ገበያተኛው ሲያየው ሽመክት አቀረቀረና ተከተለኝ።

ሽመክት ፈረመ። አባወራው ሲፈርም ቀበሌው መታወቂያዬን አደሰ፤ መታወቂያው ሲታደስ ጋሼ መንገሻ ጻፉ፤ ማመልከቻው ሲጻፍ መዝገቡ ተከፈተ፤ መዝገቡ ሲከፈት ዳኛዋ ሰሙ። ያውም ተቀጥረን፣ ደግሞ ተቀጥረን፣ መብራት ጠፍቶ እንደገና ተቀጥረን። በመጨረሻ «ሕፃኗ ከእናቷ ጋር ትኑር፤ አባት እየመጣ ይያት» አሉ።

ረድኤት መጣች። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጉልበቴ መሃል አስቀመጥኳትና ሌላ ሰው የጎነጎነላትን ሹሩባ አንድ በአንድ ፈትቼ እንደገና ሠራሁላት።