ካርታ የማይጥሉት ፊታውራሪ

ካርታ መጫወት የሚወዱ አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። ታዲያ «ሸሹ» መባልን እንደ ሞት ስለሚፈሩ፣ የደረሳቸው ካርታ ቢረባም ባይረባም ጥለው አይወጡም፤ ውርርዱን የጨመረባቸውን ሁሉ ዝም ብለው ይከተላሉ።

አንድ ቀን የአንዲት ድኻ ሴት ላም እርሻቸው ገባች ብለው ያዙባት። ሴትዮዋ የልጆቿ እንጀራ ከዚያች ላም ነውና መጥታ ደጅ ጠናች።

«በካርታ ካሸነፍሽኝ ውሰጃት» አሏት።

ሰው ከቦ እያየ ለውርርዱ እፍኝ እፍኝ ባቄላ ተካፈሉ፤ ባቄላው ቀድሞ ያለቀበት ይሸነፋል። ከሷ በፊት የገጠሟቸው ሁሉ የማይረባ ካርታ ይዘው እየጨመሩ ሊያስፈራሯቸው ሲሞክሩ ባዷቸውን ቀርተዋል። እሷ ግን መጥፎ ሲደርሳት ቶሎ ትጥላለች፤ ጥሩ ሲደርሳት ደህና አድርጋ ትጨምራለች። ብዙም ሳይቆይ የፊታውራሪ ባቄላ አለቀ።

«አንቺ ሌባ! ካርታዬን ሰርቀሽ ስታዪ ነበር!» ብለው ጮኹ። «ካመንሽ ላሟ ትቀራለች፤ ከካድሽ ትገረፊያለሽ!» አሉና አንዱን አሽከር አለንጋ አስያዙት።

«ኧረ ጌታዬ፣ የርስዎን ካርታ ማየት ለኔ ምን ይሠራልኛል?» አለች ብድግ ብላ። «እርስዎ ራስዎ መቼ አይተውት ተጫወቱ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ላሟን ሊፈታ የሮጠውም አለንጋ የያዘው አሽከር ነበር።