ፍሬን ማኖው እስኪይዝ

ጠጋ በሉ ላውራችሁ። ወሬው ቁጣ አለበትና ቁጣ የማይወድ ካለ ከአሁኑ ጆሮውን ይያዝ።

በሸንበቆ አፋፍ ከተማ ዘርፌ የምትባል ሹፌር ነበረች። ትንሽ የጭነት መኪና አላት፤ ከቆላው ምንጭ ውሃ በበርሜል እየጫነች ዳገቱ ላይ ላለው ሰፈር ታመላልሳለች። የመኪናዋ ፍሬን ማኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ማለት ነው፣ ከላላ ሁለት ወር ሆኖታል። ዳገት ላይ ስታቆም እጀታውን ትስበዋለች፤ አይዝም። ወርዳ ከኋላው ጎማ ሥር ድንጋይ ትወሽቃለች። «ነገ አሠራዋለሁ» ትላለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ትፈልጋለች።

ማክሰኞ ጠዋት ድንጋዩ ተንሸራተተ። መኪናው በርሜሎቹን እንደተሸከመ ወደ ኋላ፣ ቁልቁል ወረደ። የጤና ጣቢያውን አጥር ገርስሶ ገባ። የአጥሩ ግንድ ባይዘው ኖሮ አያቆምም ነበር፤ ሲቆም ፀሐይ ልትሞቅ ከተቀመጠች አራስ እግር አንድ ስንዝር ቀርቶታል። አራሷ ስንቅነሽ ትባላለች። አልጮኸችም። ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ መኪናውን ብቻ ታየዋለች።

ዘርፌ ሮጣ ስትደርስ ያን ዐይን አየች። በራሷ ተናደደች። ንዴቱ ከእግሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ።

«ፍሬን ማኖው ሳይዝ አንድ በርሜል ውሃ አልጭንም! ድንጋይም ሁለተኛ አልወሽቅም!» አለች። በርሜሎቹን አራግፋ፣ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች ጋሼ ኅሩይ ጋራዥ ደረሰች።

ጋሼ ኅሩይ ሽማግሌ መካኒክ ነው። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አስደገፈ፤ የኋላውን በክሪክ አነሳ፤ ጎማዎቹን ፈታ፤ የፍሬን ሸራውን የሚሸፍኑትን ክብ ብረቶች፣ ታምቡሮቹን፣ እየቀጠቀጠ አወለቀ። ውስጡን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የፍሬን ሸራ ነው ወይስ የጫት ቅጠል? ፍሬን ማኖው የሚይዘው እኮ በዚሁ በኋላው ሸራ ነው! ሸራው ካለቀ እጀታውን ብትሰቅይው ምን ይይዝልሻል? እጀታው የሚስበው ካቦም ዝጓል።»

«ካቦውን ብቻ አጥብቅልኝና ልሂድ፣ ጋሼ። ሰፈሩ ውሃ የለውም።»

«አላጠብቅም! ሳምንት ይይዝና ከዚያ በኋላ ሰው ይገድላል። አዲስ ሸራ አምጪ፤ የአንዱን ጎን ሳይሆን የሁለቱንም። ያለዚያ አልገጥምም።»

እንግዲህ ሸራ ሳይመጣ መካኒኩ አልገጥምም አለ፤ ሸራው ሳይገጠም ፍሬን ማኖው አልይዝ አለ።

በማግስቱ ረቡዕ ዘርፌ ሁለቱን ታምቡሮች በእጅ ጋሪ ጭና፣ ጥርሷን ነክሳ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገፋች። ባለ ሱቁ ሐጂ ሙዘይን መነጽራቸውን አድርገው ታምቡሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ውስጡ እንደ እርሻ ተቦርቡሯል። ቶርኖ ቤት ተልጦ ልኩ ሳይታወቅ የትኛውን ሸራ ልስጥሽ? አልሸጥልሽም።»

«ሐጂ፣ ትናንት ሰው ልገድል ነበር እኮ!»

«ሰምቻለሁ። የማልሸጥልሽም ለዚያ ነው።»

እንግዲህ ታምቡሩ ሳይላጥ ባለ ሱቁ አልሸጥም አሉ፤ ሸራ ሳይመጣ መካኒኩ አልገጥምም አለ፤ ሸራው ሳይገጠም ፍሬን ማኖው አልይዝ አለ።

ጋሪዋን እያንጓጓች ብረት ወደሚላጥበት ቶርኖ ቤት ሄደች። ባለ ቶርኖው መርዕድ እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ተነስና ላጥልኝ!»

«በምን ልላጠው እትዬ፣ በጥርሴ? መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ። እኔ ላይ ከምትጮሂ ባለ መብራቱ ላይ ጩኺ።»

እንግዲህ መብራት ሳይመጣ ቶርኖው አልዞር አለ፤ ታምቡሩ ሳይላጥ ባለ ሱቁ አልሸጥም አሉ፤ ሸራ ሳይመጣ መካኒኩ አልገጥምም አለ፤ ሸራው ሳይገጠም ፍሬን ማኖው አልይዝ አለ።

የመብራት ሠራተኛው ጓንጉል መሰላሉን አጠገቡ አጋድሞ አንድ የወደቀ ባሕር ዛፍ ላይ አፍጥጧል። ዛፉ ሽቦውን ተጭኖታል።

«ቁረጠዋ!» አለች ዘርፌ ከሩቅ።

«የሰው ዛፍ ነው!» ብሎ እሱም ጮኸባት። «አምና አንዱን ያለ ፈቃድ ቆርጬ ሰባት ወር ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልመጣ መጥረቢያ አላነሳም፤ ምሰሶም አልወጣም!»

እንግዲህ ወረቀቱ ሳይታተም ባለ መብራቱ አልወጣም አለ፤ መብራት ሳይመጣ ቶርኖው አልዞር አለ፤ ታምቡሩ ሳይላጥ ባለ ሱቁ አልሸጥም አሉ፤ ሸራ ሳይመጣ መካኒኩ አልገጥምም አለ፤ ሸራው ሳይገጠም ፍሬን ማኖው አልይዝ አለ።

የሊቀመንበሩ የአቶ ደንበሩ ቢሮ ከጤና ጣቢያው ጋር አጥር ለአጥር ነው። ዘርፌ ስትደርስ ደጁ ባዶ ጀሪካን በያዙ ሴቶች ተሞልቷል። ገፍታ ገባች።

«አቶ ደንበሩ፣ እባክዎ የዛፉ መቁረጫ ወረቀት ላይ ማኅተም ይምቱልኝ።»

ሊቀመንበሩም ተናዶ ነበር። «ወረቀት? ከትናንት ጀምሮ ይሄ ሁሉ ሰው ውሃ ውሃ እያለ በሬን ሊሰብር ነው! መጀመሪያ ውሃ አምጪ። ውሃ ሳይመጣ ማኅተም አላነሳም!»

«በምን ላምጣው?»

«በመኪናሽ ነዋ! ድንጋይ ወሽቂና አቁሚ። ሁለት ወር ሙሉ ስትወሽቂ አልነበረም እንዴ?»

እንግዲህ ውሃ ሳይመጣ ሊቀመንበሩ አያትምም፤ ሳይታተም ባለ መብራቱ አይወጣም፤ መብራት ሳይመጣ ቶርኖው አይዞርም፤ ታምቡሩ ሳይላጥ ባለ ሱቁ አይሸጡም፤ ሸራ ሳይመጣ መካኒኩ አይገጥምም፤ ሸራው ሳይገጠም ፍሬን ማኖው አይይዝም፤ ፍሬን ማኖው ሳይዝ ደግሞ ዘርፌ ውሃ አትጭንም። ዞሮ ዞሮ እሷው አንገት ላይ ተጠመጠመ።

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። እስካሁን «እርስዎ» ስትለው ነበር።

«እሺ፣ ውሃውን አመጣለሁ! ጎማውን ካሁኑ አስገጥማለሁ። ዳገቱ ላይ ሳቆም ግን ከጎማው ሥር የምትጋደመው አንተ ነህ! ድንጋይ እምቢ ብሏል፤ አንተ ያዝልኝ! ሁለት ወር እውነትህን ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለት ወር የሰው ነፍስ በድንጋይ አስይዤ ዞሬያለሁ። ሦስተኛውን ወር አንተ ትጨምርልኛለህ?»

ደጅ ያሉት ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። በመሃላቸው ስንቅነሽ ልጇን ታቅፋ፣ በአንድ እጇ ግድግዳ ይዛ ገባች።

«አቶ ደንበሩ» አለች ቀስ ብላ፣ «ውሃ ሳላገኝ ዛሬን ማደር እችላለሁ። ያ መኪና ድጋሚ ቢመጣብኝ ግን መሸሽ አልችልም። ወገቤ ገና አልጠናም።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። መሳቢያውን ሳበ። ማኅተሙን እንደተናደደ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው፤ ለዘርፌም ሳያያት ሰጣት።

ሲታተም ባለ መብራቱ መጥረቢያ አነሳ፤ ዛፉ ሲነሳ ሽቦው ተቀጠለ፤ መብራት ሲመጣ ቶርኖው ዞረ፤ ታምቡሩ ሲላጥ ባለ ሱቁ ለክተው ሸጡ፤ ሸራው ሲመጣ መካኒኩ ገጠመ። ጋሼ ኅሩይ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፤ የደከሙትን ሞላዎች ለወጠ፤ ካቦውን ከዝገቱ አጽድቶ ግራሶ ቀባው፤ ከዚያ ልኩን አስተካከለ። ሲሠራም እየተሳደበ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዘርፌ በርሜሎቹን ሞልታ ዳገቱን ወጣች። ከጤና ጣቢያው በላይ አቆመች። እጀታውን ሳበች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። እግሯን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

መኪናው አልነቃነቅ አለ።

ወርዳ ከኋላው ሄዳ ቆመች፣ ጀርባዋን ሰጥታው። «ኧረ ዘወር በይ! አብደሻል እንዴ?» ሰው ሁሉ ጮኸ። አልሰማችም። ንዴቱ ከአናቷ እየወረደ ነው፤ ሲወርድ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሴቶቹ ውሃቸውን ሲቀዱ ስንቅነሽ ከጤና ጣቢያው በር ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከነጠላዋ ሥር ቁራሽ ዳቦ አውጥታ ዘረጋችላት።

ከማክሰኞ ጀምሮ ከሰው ሁሉ ጋር የተጯጯኸችው ዘርፌ፣ ለዚህች ሴት ገና አንድ ቃል አልተናገረቻትም ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለች።

ስንቅነሽ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ዳቦውን ዘርፌ መዳፍ ላይ አኖረችና፣

«መጀመሪያ ብዪ» አለቻት።