ትል የሌለው መንጠቆ

ተረት ተረት! እሳቱን ቆስቁሱልኝ፣ ተረቴ ከብርድ አገር ነው።

በሰሜን፣ ብርዱ ሲመጣ ውሃው ጠጥሮ ሰው በላዩ የሚሄድበት አንድ ሐይቅ ነበረ። ከበረዶው ሥር አንድ ተጠራጣሪ አሮጌ ዓሣ ይኖር ነበር። ሰዎች በረዶውን በስተው ትል የሰኩበት መንጠቆ ባወረዱ ቁጥር ጓደኞቹ ትሉን ሊበሉ ሄደው አልተመለሱም። እሱ ግን አንድም ቀን ሳይቀምስ፣ በመጨረሻ ብቻውን ቀረ።

አንድ ቀን በቀዳዳው ብርሃን ገባ፤ መንጠቆም ወረደ። ዓሣው ጠጋ ብሎ ቢያይ ትል የለውም።

«ምነው ባዶህን መጣህ? ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ተንኮል ነው?» አለው።

ዕድሜ ልኩን ሲያታልል የኖረው መንጠቆ ያን ቀን እውነቱን ተናገረ። «ተንኮል አይደለም። የላከኝ ሽማግሌ ነው። አብረውት በረዶው ላይ ይቀመጡ የነበሩት ሁሉ አልፈዋል። ዓሣ መብላትም ትቷል። የታሰርኩበትን ክር የሚነካለት ቢያገኝ ብሎ ነው።»

ዓሣው ዞሮ ሊሄድ ነበር፤ ግን ወዴት? ተመለሰና ክሩን በጅራቱ ነካ አደረገው።

ከላይ፣ ሽማግሌው ክሩ ጣቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። አልሳበውም። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ፣

«አለህ እንዴ?» አለ።