ጀናዛው የጠበቀው ውሃ

ስሟን ልተወውና፣ በተራራ ሥር ባለች አንዲት የድሮ ከተማ ሸህ ኑርዬ የሚባሉ ኢማም ነበሩ። ነገር ማድበስበስ የማይወዱ፣ ሐቅን ከዘመድ የሚያስቀድሙ አዛውንት ናቸው። አላህም የፈተናቸው በዚሁ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ይማም ሞተ።

ይማም አዛን ሰምቶ ቤት የማይቀር፣ ሲሰግድም ሁሌ ከፊተኛው ሶፍ የማይጠፋ ሰው ነበር። ጀናዛው ከመስጂዱ ግቢ ሲደርስ፣ ሸሁ እንደ አገሩ ወግ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «በይማም ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ የተቀየመውም አውፍ ይበለው» አሉ።

«አውፍ ብለነዋል! ሙእሚን ነበር!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

ከሴቶቹ በኩል ግን አንድ ድምፅ ተነሳ። ባሏ የሞተባት የይማም ጎረቤት፣ ሀዋ ነበረች።

«ሙስሊም ነበር፣ እመሰክራለሁ። ሙእሚን ነበር ግን እንዴት ልበል? ባሌ በሞተ ማግስት የመስኖዬን ውሃ ወደ ራሱ ማሳ መለሰው። ጎመኔ ደረቀ፣ ልጆቼ ተራቡ።»

«ታዲያ በሕይወት ሳለ ምነው ዝም አልሽ?» ብሎ አንዱ ጮኸባት።

«ፈራሁታ! የኢማሙ ወንድም አይደል?»

ሸሁ ይህን ሲሰሙ ክው አሉ። ሽማግሌዎቹ፣ «ኧረ ስለ አላህ፣ ሬሳ አይቆይም! ሶላቱን ያሰግዱ፤ እሷን በኋላ እናስታርቃታለን» ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን ከቃሬዛው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው ጺማቸውን እያራሰ፣ «እንዲህ ሐቅ ያለበት የሌላ ሰው ጀናዛ ቢሆን አላሰግድም ነበር። ወንድሜ ሲሆን ላሰግድ?» አሉ።

ያን ጊዜ የይማም ልጅ ሰይድ አካፋ አንስቶ ሮጠ። ጎረምሶቹ ተከተሉት። አባቱ የደፈነውን ቦይ ከፍተው ውሃውን ወደ ሀዋ ጓሮ ለቀቁት። ሀዋ ሄዳ አየች፤ ተመልሳም ከቃሬዛው ፊት ቆመች።

«ይማም፣ አውፍ ብዬሃለሁ። አላህም አውፍ ይበልህ» አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሸሁ ተነሱ። ሶላቱን ከሚከፍተው ተክቢራ በፊት እንዲህ አሉ፦ «ሶላቱን እኛ አይተናል። ኢማኑን ግን የምታውቀው ጎረቤቱ ናት።»

ወንድሞቼ፣ እነዚህን ሁለት ስሞች እናምታታቸዋለን። ሸሃዳ የያዘ፣ የሰገደ፣ የጾመ ሙስሊም ነው፤ ይህን ስም ማንም አይነጥቀውም። ሙእሚን ግን እምነቱ ልቡ ድረስ የዘለቀ፣ ጎረቤቱም የማይሰጋው ሰው ነው። እኛ ጀናዛ ባየን ቁጥር «ሙእሚን ነበር» እንላለን። ይሁን፣ ለሟች ደግ መመስከር ደግ ነው። ይማምን ያዳነችው ግን ደፍራ የተናገረች ጎረቤት ናት። ያንተዋ ፈርታህ ዝም ካለችስ? ዛሬውኑ፣ እግርህ ሳይከዳህ፣ ሂድና በሯን አንኳኳ።